የብርና የአሜሪካ ዶላር የቀድሞ ምንዛሪ፦ በአባታችን ሣጥን ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች በየትኛው ተመን ላስላቸው?

ባለ ሣጥኑ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አባታችን ካረፈ ዓመት ሞላው። ባለፈው ሳምንት እኅቴና እኔ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍተን ወረቀቶቹን በየዘመናቸው ስንለይ፣ ለቤተሰቡ የሚቀመጥ አንድ አነስተኛ የታሪክ ደብተር ለማዘጋጀት ተስማማን። የእኅቴ ልጆች ተወልደው ያደጉት ቨርጂኒያ ስለሆነ፣ በወረቀቶቹ ላይ ያለውን ገንዘብ በአሜሪካ ዶላር ጭምር ካላስቀመጥንላቸው ቁጥሩ ምንም አይነግራቸውም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

በእጄ ሦስት ወረቀቶች አሉ። የመጀመሪያው በየካቲት 1962 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአባታችን የቅጥር ደብዳቤ ሲሆን፣ የወር ደመወዙ 450 መሆኑን ይገልጽና ከቁጥሩ ፊት የዶላር ምልክት አድርጎበታል። ሁለተኛው አጎታችን ከአሜሪካ ስለ ላከው 300 ዶላር ባንክ ለእናታችን የሰጣት ደረሰኝ ነው፤ ቀኑ ነሐሴ 1984 ዓ.ም.፣ በእጇ የደረሰው ደግሞ 615 ብር ነው። ሦስተኛው ግማሹን ውኃ ያበላሸው ደረሰኝ ነው። ማኅተሙ ላይ «18/2/85» የሚል ቀን ይነበባል፣ የተላከው 200 ዶላር እንደ ነበርም ይታያል፤ የብሩ መጠን ግን ቀለሙ ፈስሶ ሊነበብ አልቻለም።

እኅቴ «አያታችሁ በወር 450 ዶላር ያገኙ ነበር» ብላ ለልጆቿ ነግራቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ነገሩ በዝቶብኝ ተጠራጥሬአለሁ። ከኢንተርኔት ሠንጠረዦች እርዳታ ለማግኘት ብሞክርም፣ ለ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዱ 2.07፣ ሌላው 2.80፣ ሦስተኛው 5.00 ይሉኛል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሒሳብ ሹም
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባትዎ ነፍስ ይማር። በጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምርና፣ ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት የተጠየቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው።

የብር ኦፊሴላዊ ተመን እስከ መስከረም 20 ቀን 1985 ዓ.ም. ድረስ ለአንድ ዶላር 2.07 ነበረ። በማግሥቱ፣ ማለትም መስከረም 21 ቀን፣ 5.00 ብር ሆነ። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት አንድ 1992 ስለሆነ፣ ከዚያ ዓመት ዘጠኙ ወራት በ2.07፣ ሦስቱ ወራት በ5.00 አለፉ ማለት ነው። ዘጠኝ ጊዜ 2.07 ሲደመር ሦስት ጊዜ 5.00፣ ድምሩ 33.63 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 2.80 ይመጣል። እርስዎ ያዩት ሁለተኛው ሠንጠረዥ የዓመቱን አማካይ ያሳያል፣ ሦስተኛው የዓመቱን መዝጊያ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ከለውጡ በፊት የነበረውን። በ2.80 የመነዘረ ሰው ግን በአገሩ ውስጥ አንድም አልነበረም።

ይባስ ብሎ የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሚሄድ፣ በበጀት ዓመት የሚወጣ ዘገባ አራተኛ ቁጥር ይሰጥዎታል። የ1985 በጀት ዓመትን ብንወስድ፣ ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 20 ጳጉሜን ጨምሮ 85 ቀናት በ2.07፣ የቀሩት 280 ቀናት በ5.00 ይታሰባሉና አማካዩ 4.32 ገደማ ይሆናል። አማካይ ተመን የአንድን መሥሪያ ቤት የዓመት ገቢ ለመለወጥ ይጠቅማል። በአንድ ቀን የተፈጸመን ክፍያ ለማስላት ግን የዚያን ቀን ተመን ማግኘት ግድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልምጣ። 300 ጊዜ 2.07 ሲባዛ 621 ነው፤ እናትዎ የተቀበሉት ደግሞ 615። የጎደለው 6 ብር የባንኩ መግዣ ዋጋና የአገልግሎት ክፍያ ነው። በመጻሕፍት የሚታየው 2.07 መካከለኛው ተመን ሲሆን፣ ባንክ ከሰው ዶላር ሲገዛ ከዚያ ዝቅ፣ ሲሸጥ ከዚያ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለደብተርዎ «300 ዶላር፣ 615 ብር» ብለው ወረቀቱ እንዳለው ይጻፉ እንጂ፣ በሠንጠረዥ አያርሙት። ደረሰኝ ካለ ሠንጠረዥ አያስፈልግም።

ሰላሌ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያውን ወረቀት በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። በደብዳቤው ላይ ያለው የዶላር ምልክት የአሜሪካን ዶላር አያመለክትም ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል በአማርኛ ስሙ ብር፣ በእንግሊዝኛ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበረ። በሁለቱም ቋንቋ ብር ተብሎ መጠራት የጀመረው በ1969 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት 30 ያህል ዓመታት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቅጥር ውል፣ የኪራይ ደረሰኝም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ «ዶላር» ሲል ብር ማለቱ ነው። ማስረጃ ከፈለጉ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ይመልከቱ፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት የሚደነግገው አንቀጽ በእንግሊዝኛው «500 የኢትዮጵያ ዶላር» ይላል። ጥንቁቅ ጸሐፊ ከሆነ ከምልክቱ ፊት የኢትዮጵያን ስም በአጭሩ ያስቀምጣል፤ ብዙዎቹ ግን፣ አገር ውስጥ ለአገር ሰው ሲጽፉ ማን ይሳሳታል ብለው፣ ምልክቱን ብቻ ያደርጉ ነበር። የአባትዎን ደብዳቤ የጻፈውም እንደዚያ ያደረገ ይመስለኛል።

በ1962 የነበረው ተመን ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.50 ስለሆነ፣ 450 ብር 180 የአሜሪካ ዶላር ይሆናል። ለእኅትዎ በጥንቃቄ ይንገሯቸው።

(ነገሩን ካነሣነው ዘንድ፣ ያ አንቀጽ የጠቀሰው 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን 200 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበረ። ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የመጀመሪያ ቀን ተመን፣ በ74.73 ቢመነዘር፣ ሰባት ዶላር እንኳ አይሞላም። አንቀጹ ግን ዛሬም 500 ብር እንዳለ ነው።)

የጥንቱ ይሻላል
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውይይቱ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ሙሉ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ነበር፤ ደርግም ያንኑ ጠብቆ አቆየ። ያኔ ብራችን ብርቱ ነበር፤ ዛሬ የወደቀበትን ማየት ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራልና ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሒሳብ ሹም
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአክብሮት ለመቃወም ይፈቀድልኝ። በመጀመሪያ፣ 2.07 የጃንሆይ ዘመን ሙሉ ተመን አልነበረም። በ1937 የተወሰነው 2.48 ገደማ ሲሆን፣ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ከቀድሞው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተከፍለው ሥራ በጀመሩበት ወቅት 2.50 ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. የካቲት ላይ 2.07 ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ2.07 የገዙት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ደርግ 17ቱን ዓመት፣ ኢሕአዴግም የመጀመሪያዎቹን 16 ወራት ያንኑ ይዘው ቀጠሉ።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ቁጥሩ ከ2.50 ወደ 2.07 የወረደው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ብር በረታና ነው? መልሱ ወርቅ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የየአገሩ ገንዘብ ዋጋ በወርቅ ክብደት ይገለጽ ነበር። በ1937ቱ አዋጅ አንድ ብር 5.52 ግሬይን ንጹሕ ወርቅ ነበረ፤ አሜሪካ ደግሞ አንድ ወቄት ወርቅ፣ ማለትም 480 ግሬይን፣ በ35 ዶላር ትተምነው ነበር። 480ን ለ35 ብናካፍል አንድ የአሜሪካ ዶላር 13.71 ግሬይን ይሆናል፤ ይህን ለ5.52 ስናካፍለው 2.48 ይመጣል። በ1964 አሜሪካ ራሷ የዶላሯን ዋጋ ዝቅ አድርጋ ወርቁን 38 ዶላር አደረገችው፤ በ1965 ደግሞ 42.22። ኢትዮጵያ የብሯን የወርቅ መጠን አልነካችም። እስቲ አስሉት፦ 2.50 በ35 ተባዝቶ ለ38 ሲካፈል 2.30፤ ለ42.22 ሲካፈል 2.07።

ቁጥሩ የሚናገረው ይህንን ነው። ብር ባለበት ቆመ፣ ዶላር ወረደ። አዲስ አበባ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ለውጡ ዋሽንግተን ላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ ብር ከወርቁ ተላቆ በ2.07 ከዶላር ጋር ታሰረና፣ ከ1972 ዓ.ም. በኋላ ዶላር በዓለም ገበያ በኃይል ሲወጣ ብርም ታዛው ላይ እንደ ተሰቀለ ዕቃ አብሮ ወጣ። በኢኮኖሚያችን ውስጥ ያንን የሚደግፍ ነገር ግን አልነበረም።

የቡና ነጋዴ ልጅ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሒሳብ ሹሙን አስተያየት ከቤታችን ታሪክ ላጠናክር። አባቴ ጅማ ቡና ይነግድ ነበር። በደርግ ዘመን ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያመጣ የነበረው ቡና ነው። አንድ ዶላር የሚያወጣ ቡና ወደ ውጭ ተሸጦ አገር ቤት ሲገባ 2.07 ብር ብቻ ይሆናል፤ ያውም ቀረጡና የመንግሥት ድርጅቱ ድርሻ ሳይነሣ። ያው ዶላር በጥቁር ገበያ ከእጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። እንግዲህ ጠረፍ አካባቢ ያለ ገበሬ ቡናውን በሌሊት በበቅሎ ጭኖ ማሻገሩ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ምጣኔ ሀብት መማር አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2.07 ዶላር መግዛት የሚችል ማን ነበር? ፈቃድ ያገኘ ብቻ። አባቴ የቡና መፈልፈያ መለዋወጫ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ጠይቆ፣ ማመልከቻው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ መለዋወጫውን በጥቁር ገበያ ዶላር ካስመጣ ሰው በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዛው። ለእርሱ የዶላር ዋጋ 2.07 አልነበረም። በሰሌዳ ላይ የተጻፈና ማንም የማያገኘው ዋጋ ዋጋ መባሉ ራሱ ያጠራጥረኛል።

መስከረም 1985 ላይ ተመኑ 5.00 ሲሆን ዕቃ ሁሉ በአንድ ሌሊት ከእጥፍ በላይ ይወደዳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እኛ ሱቅ ውስጥ ግን እንደ ተፈራው አልሆነም። ምክንያቱም አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ድሮውንም በጥቁር ገበያው ዶላር ሒሳብ ይሸጥ ስለ ነበር ነው። የተለወጠው በዋናነት ቡና የሸጠው ሰው የሚያገኘው ነው።

የጥንቱ ይሻላል
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወርቁን ሒሳብ አላውቀውም ነበር፤ ሠርቼ አየሁት፣ ልክ ነው። የጃንሆይ ዘመን ሙሉ ያልሁትንም አንሥቻለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። ተመኑ በአዋጅ የተያዘ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ1937 እስከ 1965 ድረስ ያለ ትልቅ ቀውስ እንዴት ሊቆይ ቻለ? አዋጅ ብቻውን 28 ዓመት ገንዘብን አያቆምም።

ሒሳብ ሹም
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያልሁትንም ትንሽ ማለዘብ ይኖርብኛል። በዚያ ዘመን መንግሥት የገንዘብ ኅትመቱን ቆጥቦ ይዞ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱም ከገቢ ንግዱ ጋር ሲተያይ የሚያሳፍር አልነበረም። ስለዚህ 2.48ም ሆነ 2.50 በባንክ መስኮት ላይ በእርግጥ የሚሠራ ዋጋ ነበር። የባለ ሣጥኑ አባት በ1962 በ450 ብራቸው 180 ዶላር ማግኘት ቢፈልጉ፣ ቢሮክራሲው እንዳለ ሆኖ፣ የማይቻል አልነበረም። በ1982 በ450 ብር 217 ዶላር ይሆናል ብሎ መጻፍ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከቁጥሩ በስተጀርባ ባለው ነገር ላይ ነውና እዚህ ላይ እስማማለሁ።

ከሪያድ የተመለሰች
ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለ ነበረኝ ውይይቱን በጥሞና ተከታተልሁ። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ከ1996 እስከ 2001 ዓ.ም. በወር በወር የላክሁትን በአንድ ደብተር ጽፌ ይዣለሁ፤ ሁሉም በሪያል ነው። የብርና የሪያል የቀድሞ ተመን ዝርዝር ግን ላገኝ አልቻልሁም። ሌላው ደግሞ፣ ከላክሁት አብዛኛው በባንክ አልሄደም፤ በሰው እጅ ነበር የሚሄደው። የላክሁትን ለማስላት በየትኛው ተመን ልጠቀም?

ሒሳብ ሹም
ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ የሪያል ጉዳይ እንዲያውም ከሁሉም የቀለለ ነው። የሳውዲ ሪያል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ እንደ ታሰረ አለ። ስለዚህ የዚያን ቀን የዶላር ተመን ካገኙ ለ3.75 ማካፈል ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. ዶላር 8.65 ገደማ ስለ ነበር ሪያል 2.30 ብር ገደማ ይሆናል፤ የላኩት 1,000 ሪያልም 2,300 ብር ያህል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላር ከ57.48 ወደ 74.73 ሲዘል ሪያልም ከ15.33 ወደ 19.93 ዘለለ። የኢምሬትስ ድርሃምም በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። የእስራኤል ሰቅል ግን በየቀኑ የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን የሁለቱንም ገንዘብ የዚያን ቀን የዶላር ተመን ፈልገው ማካፈል አለባቸው።

በሰው እጅ የሄደውን በኦፊሴል ተመን ቢያሰሉት ቤተሰብዎ ያልተቀበለውን ቁጥር ይጽፋሉ። እናትዎ ወይም የተቀበለው ሰው የብሩን መጠን ካስታወሱ እርሱን ይጻፉ፤ ካላስታወሱም ሪያሉን እንዳለ ይተዉት። የጥቁር ገበያን ዋጋ ቀን በቀን መዝግቦ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት የለም፤ በወሬ ላይ ተመሥርቶ ወደ ኋላ መገመት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይወልዳል።

ከሪያድ የተመለሰች
ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናቴ እያንዳንዱን ታስታውሳለች። የጣሪያው ቆርቆሮ የተገዛበትን ወር ጭምር። አመሰግናለሁ።

ሰላሌ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የድሮ ጋዜጦችን ለሚያገላብጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ መቶኛን በተመለከተ ነው። የብር ዋጋ «በዚህ ያህል መቶኛ ቀነሰ» የሚለው ዜና ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊል ይችላል። ከ2.07 ወደ 5.00 ሲኬድ የዶላር ዋጋ 142 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ብር ያጣው ግን 59 በመቶ ገደማ ነው። «ብር በ142 በመቶ ቀነሰ» የሚል አረፍተ ነገር በጽሑፍ አይቼ አውቃለሁ። መቶ በመቶ የቀነሰ ገንዘብ እኮ ምንም ዋጋ የሌለው ነው፤ ከዚያ በላይ ወዴት ይቀንሳል?

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ከ13.6 ገደማ ወደ 16.35 በተደረገው ለውጥ ላይ አንዳንዱ 20፣ አንዳንዱ 16.7 በመቶ ብሎ ዘግቦ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንደኛው ከዶላር፣ ሌላው ከብር ወገን ቆጥሮ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተነገረው 15 በመቶ ከዶላር ወገን የተቆጠረ ነው፦ ከ23.4 ገደማ ወደ 26.9። የ2016ቱ የሐምሌ 22 የመጀመሪያ ቀን 30 በመቶም እንዲሁ፤ በብር ወገን ቢቆጠር 23 ነው። ከመቶኛው ተነሥቶ የቀድሞውን ተመን ማስላት ስለዚህ አደገኛ ነው። ሁልጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ።

ሌላው፣ ከሚያዝያ 23 ቀን 1985 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ስለ ተጀመረ፣ እስከ 1987 መጨረሻ ድረስ ሁለት ሕጋዊ ተመኖች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒትና ለውጭ ዕዳ ክፍያ የሚያገለግለው ኦፊሴላዊው፣ ሁለተኛው ከዚያ ከፍ የሚለው የጨረታው ነው። የዚያ ዘመን ወረቀት ያለው ሰው የትኛው እንደ ሆነ ሳያረጋግጥ እንዳያሰላ። ባንኮች እርስ በርሳቸው በየዕለቱ የሚገበያዩበት ሥርዓት የመጣው ጥቅምት 1994 ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የየዕለቱን ተመን ከብሔራዊ ባንክ ማግኘት ይቻላል።

የቡና ነጋዴ ልጅ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባለ ሣጥኑ፣ ስለ ሦስተኛው ወረቀት ማንም አልመለሰልዎትም። «18/2/85» የሚለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው? ነገሩ ሁሉ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንደ ፈረንጅ ከሆነ የ1985 ሁለተኛ ወር፣ ማለትም የእኛ የካቲት 1977 ነው፤ ተመኑ 2.07። እንደ እኛ ከሆነ ጥቅምት 18 ቀን 1985፣ ለውጡ ከተደረገ አራት ሳምንት ያህል ቆይቶ፤ ተመኑ 5.00። የዓመቱ ቁጥር ያው ሆኖ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ባንኮች በማኅተማቸው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጠቀሙ ስለ ነበር ከማኅተሙ ብቻ መለየት አይቻልም።

ሒሳብ ሹም
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

መለየት የሚቻልበት መንገድ አለ። ከብሩ መጠን አንድ አኃዝ እንኳ ቢነበብ ይበቃል። በ2.07 ከሆነ 200 ዶላር 414 ብር ነው፤ ክፍያው ሲቀነስ 410 አካባቢ። በ5.00 ከሆነ 1,000፤ ክፍያው ሲቀነስ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ምናምን። ስለዚህ የመጀመሪያው አኃዝ 4 ከሆነ የፈረንጅ፣ 9 ከሆነ የእኛ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱን ከኋላው መብራት አድርገው ይመልከቱት፤ ቀለሙ ቢሄድም የብዕሩ ጭረት ይቀራል።

ባለ ሣጥኑ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእናንተ ምክር ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እንደ ገና ጻፍነው።

የአባታችን ደመወዝ 450 ብር፣ 180 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ገብቷል። እኅቴ መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ለልጆቿ ከነገረቻቸው ከግማሽ በታች ነውና። ነገር ግን በዚያው ሣጥን ውስጥ የዚያን ዓመት የቤት ኪራይ ደረሰኝ አገኘን፤ በወር 75 ብር። ለኪራይ ይከፍል የነበረው የደመወዙን አንድ ስድስተኛ ነው ማለት ነው። ይህንን ስነግራት ታላቁ ልጇ ከጎኗ ሆኖ ሰምቶ «እኔ የደመወዜን ግማሽ ነው የምከፍለው» አለ። ስለዚህ ከዶላሩ ጎን ኪራዩንም ጻፍነው።

ሦስተኛውን ወረቀት ትናንት ማታ እኅቴ በስልኳ መብራት ላይ ዘርግታ አየችው። የመጀመሪያው አኃዝ 9 ነው። ሁለተኛውም 9፤ የመጨረሻው 0። 990 ብር። ጥቅምት 18 ቀን 1985 ዓ.ም. መሆኑ ተረጋገጠ።

ከደረሰኙ ጋር የተጣበቀ የአጎታችን ደብዳቤ ነበረ፤ ቀደም ሲል ያነበብነው ቢሆንም ልብ አላልነውም። «ባለፈው ሦስት መቶ ልኬልሽ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞብኝ መቶውን አጉድያለሁና እንዳትቀየሚኝ» ይላል። እናታችን በነሐሴ ከ300ው የተቀበለችው 615 ብር ነበር፤ ከጎደለው ከ200ው 990 ብር ተቀበለች። በደብዳቤው ጠርዝ ላይ በራሷ እጅ በእርሳስ 375 ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።